«ልዩነቱን እንመልሳለን»

ባለፈው ቅዳሜ አብነት የድሮ ተማሪዬን ሰው ፊት አሳፈርኩት። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሰፈራችን ካሉት ሱፐርማርኬቶች አንዱ በሩ ላይ ትልቅ ባነር ሰቅሏል። «ይህንኑ ዕቃ ከእኛ ባነሰ ዋጋ ካገኙ ልዩነቱን እንመልሳለን!» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። 5 ሊትር ዘይት ገዛሁ፣ ደረሰኜን ኪሴ ከተትኩ፣ ከዚያ ወደ ሸማቾች ሱቅ ሄድኩ። ያው ዘይት፣ ያው ብራንድ፣ ያው ጄሪካን፣ 110 ብር ቀንሶ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር በስልኬ ፎቶ አንስቼ ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

ካሸሯ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ «አባባ፣ ማናጀሩን ልጥራሎት» አለች። የመጣው ማናጀር ገና ሲያየኝ «ቲቸር!» ብሎ አቀፈኝ። 9ኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ቤተሰብ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ደረሰኙን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የማኅበር ዋጋ አይቆጠርም።»

«ባነሩ ላይ የት ነው የተጻፈው?»

«አልተጻፈም። ለእኛም የተነገረን በቃል ነው።»

እኔም ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «እኩል ይሆናል» የሚለውን ምልክት ያስተማርኩህ ለዚህ ነው ወይ አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ልጁ ምንም አልመለሰም፤ ከራሱ ኪስ 110 ብር አውጥቶ ዘረጋልኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። አልተቀበልኩትም። ማኪያቶ ልጋብዝህ ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ወዳጆቼ፣ ያ ማኪያቶ ብዙ አስተማረኝ።

የተፎካካሪ ዋጋ እንዴት እንደምታወዳድሩ ንገረኝ አልኩት። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሠራተኛቸው እንደ ማንኛውም ገዢ ቅርጫት ይዛ አራት ሱፐርማርኬቶች ትዞራለች። በእጇ 60 ያህል ዕቃ ያለበት ዝርዝር አለ፤ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ የዱቄት ወተት፣ ዳይፐር፣ ሳሙና። ጥበቃዎቹ ፎቶ ማንሳት ስለማይፈቅዱ ጥግ ይዛ በስልኳ ለራሷ ቮይስ እየላከች ትመዘግባለች። «የእነሱም ልጅ እኛ ጋ ትመጣለች፤ ስንተያይ ሰላም እንባባላለን» ብሎ ሳቀ።

«ታዲያ ሌላው ሲቀንስ እናንተም ትቀንሳላችሁ?»

«እንቀንሳለን። ግን ቲቸር፣ ማንም ቀድሞ አይቀንስም። ብቀንስ በማግስቱ ይከተሉኛል ብሎ ያስባላ። ምን ያተርፋል?»

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ልጁ ሳያውቀው የኢኮኖሚክስ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩትን ነገር ነው የነገረኝ። ሱቆች ዋጋ የሚቀንሱት የጎረቤትን ደንበኛ ለመውሰድ ነው። ጎረቤቱ በማግስቱ እኩል እንደሚያደርግ አስቀድሞ ካወጀ፣ የመቀነሱ ጥቅም የት አለ? ባነሩ ለእኔ ቃል ኪዳን ይመስላል። ለተፎካካሪው ግን «እንዳትሞክራት» የሚል መልእክት ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ግን ባነር ስታዩ ለማን እንደተጻፈ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ይህንኑ ዕቃ» የሚለው ቃል ነው። በዚህ ጉዳይ እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ድረስ ተኪዶበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ቴስኮ የሚባለው ትልቁ ሱፐርማርኬት የደንበኛውን ቅርጫት ከተፎካካሪዎቹ ዋጋ ጋር አወዳድሮ ልዩነቱን በኩፖን እመልሳለሁ አለ። ተፎካካሪው ሴንስበሪ ተቆጣ። «የእኔ ርካሹ ሻይ ለአምራቹ ገበሬ ፍትሐዊ ዋጋ የተከፈለበት ነው፣ የአንተ አይደለም፤ የእኔ ካም ከእንግሊዝ አሳማ ነው፣ የአንተ አይደለም፤ ታዲያ እንዴት አንድ ዕቃ ናቸው ትላለህ?» ብሎ ለማስታወቂያ ተቆጣጣሪው አመለከተ። አልተሳካለትም። ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2014 እዚያም ተረታ። ከዚያ ወዲህ ፉክክሩ መልኩን ቀይሮ ቴስኮ ከ2020 ጀምሮ የተመረጡ ዕቃዎቹን ከጀርመኑ ርካሽ ሱቅ ከአልዲ ዋጋ ጋር አስተካክያለሁ የሚል ምልክት ይለጥፋል። የተመረጡ ዕቃዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። የሚመርጠው ራሱ ሱቁ ነው።

እነሱ በታሸገና በተጻፈበት ዕቃ ይህን ያህል ከተጨቃጨቁ እኛ አብነት ላይ ምን እንበል? ጤፍ ስንት ነው ብትሉኝ ማኛው ነው፣ ነጩ ነው፣ ሰርገኛው ነው ብዬ መልሼ እጠይቃችኋለሁ። ማኛ ተብሎ የተሸጠልን ሁሉ ማኛ እንዳልሆነ ደግሞ እንጀራው ይነግረናል። ዘይቱም ቢሆን አንድ ዋጋ የለውም። ሸማቾች ጋ ይረክሳል፣ ግን ሰልፉ አለ፤ አንዳንዴም ተሰልፋችሁ ተራችሁ ሲደርስ «አልቋል» ነው። መርካቶ በእግር ይኬዳል፣ ጄሪካንና የጤፍ ከረጢት ይዞ መመለሱ ግን በትከሻ ወይ በታክሲ ነው። የእሁድ ገበያ እሁድን ይጠብቃል። የሰፈር ሱቅ ይወደዳል፣ ግን ማታ ሦስት ሰዓት ላይም ክፍት ነው፤ ሩብ ሊትርም ይቀዳላችኋል።

የዋጋ ዋስትና ያለ ዕቃ ከንቱ መሆኑንም አይተነዋል። በ2003 መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በሥጋና በሌሎችም ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ ታስታውሳላችሁ? ዋጋው ግድግዳ ላይ ነበረ፤ ዕቃው መደርደሪያ ላይ አልነበረም። ከወራት በኋላ ለአብዛኛው ዕቃ ተነሳ።

አሁን ወደ እፍረቴ ልምጣ።

ከቤቴ በታች ጥግ ላይ ያለውን ሱቅ የሰፈሬ ልጆች ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፤ አይወድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተብሎ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ እሱም ዘይትና ሩዝ ላይ ጨመረ። እኔ የሱፐርማርኬቱን ዋጋ ወረቀት ላይ ጽፌ ወስጄ አሳየሁት። «ይኼን ያህል ትጨምራለህ? ይኼ ዘረፋ ነው» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔም በውድ ነው ያመጣሁት» አለ። ትቼው ሄድኩ። ለጎረቤትም አወራሁ።

ያልጻፍኩት ነገር ምን ነበር መሰላችሁ? ባለቤቴ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ የቤቴን ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና በዱቤ ደብተሩ ላይ እየጻፈ የሰጠኝ ይኼው ሰው ነው። አንድ ቀን «መቼ ነው?» አላለኝም። ወለድ አልጠየቀኝም። እንዲያውም ከፍዬ ስጨርስ ገጹን ቀዶ ለእኔ ሰጠኝ። ታዲያ የእሱን ዘይት ከሱፐርማርኬቱ ዘይት ጋር እኩል ነው ብዬ ስጽፍ ምን ዓይነት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ? አንደኛው ዕቃ ውስጥ ዱቤ አለ፣ ሌላኛው ውስጥ የለም። የዚያን ሰው ልዩነት መመለስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እሁድ ጠዋት ሱቁ ሄድኩ። ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዛሁ፤ ይቅርታም ጠየቅኩት። «ምን ሆነው ነው ጋሼ? ለእኔ እኮ ደንበኛ ሄዶ መምጣቱ ያለ ነው» አለና መልሱን ቆጥሮ ሰጠኝ። በቃ፣ ሌላ አልተናገረም።

ይህን ስል ነጋዴን ዝም እንበለው ማለቴ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ዋጋ ጠይቀን «ለእርስዎማ...» ብሎ የሚጀምር መልስ ስንሰማ አዋጁን ማስታወስ መብታችን ነው። በ2016 ደግሞ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። ትልልቆቹ ሲመጡ ትልልቅ ባነር ይዘው ይመጣሉ። ያኔ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ከማን ጋር ነው ያወዳደራችሁት? የትኛውን ዕቃ? መቼ?

ትናንት ማታ ተማሪዬ ፎቶ ላከልኝ። ባነሩ ግርጌ አንዲት መስመር ተጨምራለች፤ «የሸማቾች ማኅበራትና የእሁድ ገበያ ዋጋን አይጨምርም።» ከሥሩ «ቲቸር፣ አለቃዬን አሳመንኩት» ብሎ ጽፏል። ቃሉ አነሰ፣ ግን እውነት ሆነ። ሙሉ ማርክ ሰጥቼዋለሁ።

እናንተስ ሰፈር ዘይቱ ስንት ገባ? ስትጽፉልኝ ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ ከየት እንደገዛችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተሰለፋችሁ፣ በካሽ ይሁን በዱቤ አብራችሁ ጻፉ። አለዚያ ማወዳደር አንችልም።