ቢጫ መብራት በቆቦ መንገድ

ግንቦት 6
የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ጭኖ ወደ መቀሌ ሲያልፍ ቆቦ ላይ አቆመ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቷል። «ጋሼ፣ ሞተሩ ምንም አላለም፤ ጉልበቱም እንዳለ ነው» አለኝ። ቀይ ቢሆን ኖሮ እዚያው ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት ነበረበት። ቢጫ ግን ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልፍ ይቀጣል።

የበራው የዩሪያ ፈሳሹ ስላነሰ ነው። በዩሮ 4 እና በዩሮ 5 ደረጃ ከተሠሩ ከባድ መኪኖች ብዙዎቹ ከናፍጣው ታንከር ሌላ ትንሽ ታንከር አላቸው። በውስጡ ያለው 32.5 በመቶ ንጹሕ ዩሪያ፣ ቀሪው ማዕድን የወጣለት ውሃ ነው። ትኩሱ ጭስ ላይ ሲረጭ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው ጭስ ማውጫው ውስጥ ባለው ካታሊስት ላይ መርዛማውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይለውጠዋል። ፈሳሹ ካለቀ ኮምፒውተሩ ራሱ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። በቆቦ ሜዳ ይገፋ ይሆናል፤ ከአላማጣ በላይ ግራካሕሱን ከነጭነቱ መውጣት ግን አይታሰብም።

ግንቦት 7
ፈሳሹን ከተማ ውስጥ አጣነው። አንድ ጎረቤት በቅንነት መላ አመጣ፦ «ዩሪያ እኮ እቤት አለ። ከማሽላው የተረፈውን በጥብጠን እንጨምርለት።» አመሰግኜ ከለከልኩ። የማዳበሪያው ዩሪያ ፍሬው እንዳይጣበቅ በፎርማልዴሃይድ ይታከማል፤ ባይዩሬትም አለበት። የምንበጠብጥበት የጉድጓድ ውሃም ጨው አለው። ይህ ሁሉ መርጫውን ይደፍናል፣ ካታሊስቱን ያበላሻል።

ማታ ከደሴ የመጣ ሾፌር ፈሳሹን በታሸገ ጀሪካን አደረሰልን። የተረፈውን ጥላ ውስጥ እንዲያኖረው ለልጁ ነገርኩት፤ በ30 ዲግሪ ዓመት ያህል የሚቆየው በ35 ዲግሪ ወደ ስድስት ወር ይወርዳልና። የእኛ ቆላ ለዚህ ፈሳሽ አይመችም።

ግንቦት 11
ዛሬ ደግሞ ሌላ መኪና። የጥላሸት ማጣሪያው ሞልቷል። ይህ ማጣሪያ የያዘውን ጥላሸት የሚያቃጥለው ወደ 600 ዲግሪ ሲግል ነው። ሞተር አስነስቶ መቆምና በየሰፈሩ ቀስ እያሉ መዞር ይሞላዋል፤ ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ ከነጭነቱ በአንድ ፍጥነት መንዳት ያጸዳዋል። የጭስ ሙቀት መብራት ሲበራም ማጣሪያው ራሱን እያጸዳ ሊሆን ይችላል። ያኔ ገለባ ወይም የደረቀ አገዳ ያለበት ቦታ ማቆም እሳት መጥራት ነው። ይህን ለሾፌሩም ለረዳቱም ደጋግሜ ነገርኳቸው።

ግንቦት 14
የእህቴ ልጅ ከመቀሌ ተመለሰ። መንገድ ላይ «ካታሊስቱ ያለበትን ማርሚታ አስፈልፍለው፣ የዩሪያውን ሲስተም አዘጋው፣ ትገላገላለህ» ብለው መክረውታል። አስቀምጬ አወራሁት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጧል። አውራ ጎዳናው የእኛን ከተማ መሃል ለመሃል ያልፋል። ዳር ላይ ቡና የሚያፈሉት እህቶቻችን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት ያንን ጭስ ነው። መብራቱን የሚያጠፋ ሰው ጭሱን አላጠፋም፤ ወደ እነሱ ላከው እንጂ።

ተስማማን። ደብተር ገዛሁለት፤ መብራት በበራ ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ጭነቱንና የቀዳበትን ማደያ ይጽፋል። የአየር ማጣሪያውንም የራያን አቧራ ባለፈ ቁጥር ያያል። መካኒኩ ዘንድ ሲደርስ ወሬ ሳይሆን መረጃ ይዞ ይቀርባል።