የጁባዋ መስኮቴ

ጁባ የገባሁት በእኛው ሚሊኒየም፣ በ2000 ዓ.ም. ነው። ሥራዬ የአንድ ሆቴል ሒሳብ መያዝ ነበር። ከተማዋ ከጦርነት ከወጣች ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም፤ ቢሮው ኮንቴይነር፣ መኝታው ኮንቴይነር፣ ሱቁ ኮንቴይነር! የእኔ ቢሮ የስድስት ሜትር ብረት ሆኖ፣ የነበረችውን አንዲት መስኮት ኤሲው ዘግቷታል። በሩ ከተዘጋ ቀንና ሌሊት አይለይም። ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ፍሎረሰንቱ ይርገበገባል፣ እኔ ከሥሩ ደረሰኝ እደምራለሁ። ማታ ጋደም ስል ደግሞ እንቅልፍ የለም።

አንድ ሌሊት 500 ፓውንድ ጎደለብኝ። ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ እንደገና ደመርኩ፤ የለም። ሲነጋ ጥራዙን ይዤ ወጣሁና ማንጎው ሥር፣ ቡና የምታፈላው እህታችን ዘንድ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ሲኒ ሳልጨርስ አየሁት! ካርቦኑ የደከመበት ሦስተኛው ኮፒ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ 800 ብዬ ያነበብኩት ቁጥር በግራ በኩል አፉ ክፍት ነው፤ 300 ነው! ጮህኩ። እህታችንም ነገሩ ሳይገባት እልል አለች።

በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ መስኮት ያስቆርጡልኝ።»

«ሙቀቱንስ ምን ልታደርገው ነው?»

«በሰሜን በኩል ይሁን፤ ከላዩ ክፈፍ ይውጣለት።»

ጁባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ፀሐይ ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ ከምሥራቅና ከምዕራብ ትጋረፋለች፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ጣሪያ ላይ ናት። ስለዚህ በሰሜን ወይም በደቡብ ያለ መስኮት፣ ሰፋ ያለ ክፈፍ ካለው፣ ብርሃኑን አስገብቶ ዋናውን ሙቀት ያስቀራል። በያጁ መጣ፣ ብረቱን በግራይንደር ቆረጠው፣ ቁራጩ ዱብ ሲል ብርሃኑ ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ። አቧራው እንኳ እንደ ወርቅ ያበራ ነበር!

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌም ተመለሰ። ምክንያቱን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 2002 ላይ ተመራማሪው ዴቪድ በርሰንና ባልደረቦቹ በአይጥ ዓይን ውስጥ ለብርሃን በቀጥታ ምላሽ የሚሰጡና ለአንጎል ቀኑን ከሌሊት የሚነግሩ ልዩ ሕዋሳት እንዳሉ አሳዩ፤ እነዚሁ ሕዋሳት በእኛም ዓይን አሉ። የቢሮ መብራት ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ነው፤ ደጅ ማንጎ ሥር፣ በጥላው እንኳ፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ አለ። ለካ ያን ጊዜ ሰውነቴ ቀን አላገኘም ነበር!

ዛሬ ያ ኮንቴይነር የለም፤ በቦታው ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ትይዩ ናቸው፣ ነፋሱ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው መብራት ስለደረሰን ጄኔሬተሩም ዝም ብሏል። ቀን ላይ ግን አምፖል የሚያበራ የለም። የቢሮው ልጆች ከሰዓት በኋላ ሲሠሩ ድምፃቸው ሳይደክም፣ እየተሳሳቁ ነው። ሳያቸው ደስታዬ ወሰን የለውም።

ከሁሉ ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ የጁባ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነበር፤ ፀሐይ ግን የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ለአንድ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነበር። በዚያ ዓመት ጥር 24 ቀን አገሪቱ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። አሁን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ብቅ ትላለች። ቀኑን ከንጋት የሚቆጥረው የእኛ ሰዓት ጁባ ላይ ልክ ሆነ! ያን ጠዋት መስኮቴን ከፍቼ ሰዓቴን አየሁ፣ ፀሐይዋን አየሁ፣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ደግሞ አለላችሁ! በጳጉሜን መጨረሻ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ እዚህ በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች። ያን ቀን ሥራ እናቆምና ሁላችንም ግቢው መሐል እንወጣለን፤ ጥላችን ጠቅላላ ጫማችን ሥር ይገባል፣ ቡናው ይፈላል፣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል።