ቶንሲል ከወጣ በኋላ ያሉት ቀናት

የቶንሲል ኦፕራሲዮን ዛሬ ዛሬ በብዙ ቦታ ጠዋት ገብተው ማታ ቤት የሚያድሩበት ሕክምና ሆኗል። ሐኪሙ ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው አሥር፣ አሥራ አምስት ቀን ግን የአስታማሚው ነው። ስለ ኦፕራሲዮኑ ብዙ እንጠይቃለን፤ ስለ ሕመሙ ግን «ያው ትንሽ ያማል፣ ይቻላል» ብለን እናልፈዋለን።

አይቻልም አልልም። መቻል የለበትም ነው የምለው።

ይህ ሕመም ሰው ያታልላል። በመጀመሪያው ማታ፣ ሆስፒታል የተሰጠው መድኃኒት ከሰውነቱ ገና ስላልለቀቀ፣ ልጁ ይጫወታል፣ አይስክሬም ይጠይቃል። ቤተሰቡም «ተመስገን፣ ቀላል ነበር» ብሎ ማስታገሻውን ይተዋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሕመሙ ብሶበት ይመጣል። ቶንሲሉ የነበረበት ቦታ ላይ ነጭ ነገር ይታያል፤ መግል አይደለም፣ ቁስሉ ሲድን የሚያበጀው ሽፋን ነው። ጆሮም ይወጋል። ጆሮው ታሞ ሳይሆን፣ ከጉሮሮና ከመካከለኛው ጆሮ ስሜት የሚያመላልሰው አንድ ነርቭ ስለሆነ ነው።

ያመመው ልጅ አይውጥም። ያልዋጠ ጉሮሮ ይደርቃል፣ የደረቀ ጉሮሮ ደግሞ የባሰ ያማል። ስለዚህ «ውሃ ጠጣ» ብሎ ከመቆጣት በፊት ማስታገሻውን መስጠት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ፣ ከዚያ ብርጭቆውን ማቅረብ ይሻላል። ፓራሲታሞል በየስድስት ሰዓቱ ከታዘዘ በእኛ አቆጣጠር ለመያዝ ቀላል ነው፦ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6። የሚዘለለው ሁልጊዜ የሌሊቱ ነው። «እንቅልፍ ወስዶታል፣ አትቀስቅሱት» ይባላል። ንጋት ላይ ግን አፉ ደርቆ፣ መድኃኒቱም አልቆ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት እያለቀሰ ይነሳል። ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስቅሶ መስጠት ያዋጣል።

አራዳ አንድ ጎረቤት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ልንጠይቅ ገብተን ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ አጠገቡ ያለው ሙቅ ሳይነካ ቆዳ አውጥቷል። ጠያቂው ሁሉ «አይ ጎበዝ! አንዴም አላለቀሰም እኮ!» ይላል። እናቱ ቀዝቃዛ ውሃ ልትሰጠው ስትል አያቱ «ቁስሉን ብርድ ይመታዋል» ብለው ከለከሉ። አልፈርድባቸውም። እሳቸው እንጥል በምላጭ ሲቆረጥ ያዩ ሰው ናቸው፤ ያኔ ማደንዘዣም ማስታገሻም አልነበረም፣ የነበረው «ቻለው» ብቻ ነው። ዛሬ ግን ቀዝቃዛ ውሃም አይስክሬምም ጉሮሮውን ያበርዳሉ እንጂ አይጎዱም። የሚጎዳው በርበሬ፣ ሎሚና ደረቅ ቆሎ ነው። አጥሚቱም ለብ ይበል እንጂ አይፍላ።

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ከፊቴ የቆመ አባት «ይሄ ፓራሲታሞል ምንም አልሠራለትም፣ ጠንከር ያለ የለም?» አለ። ፋርማሲስቷ «ልጁ ስንት ኪሎ ነው?» ብላ መለሰችለት። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። የልጅ ፓራሲታሞል የሚለካው በኪሎ ነው፤ ለአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። በቤት የሻይ ማንኪያ እየተቀዳ ብዙ ልጅ ከሚገባው በታች ይወስዳል፤ ከዚያ «አልሠራም» ይባላል። በመስፈሪያው ወይም መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ለኩ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስለሚኖር አትደራርቡ። የአሜሪካ ከአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው መመሪያ ከቶንሲል በኋላ ለልጆች የሚመክረው ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ሁለቱን አንድ ላይ ነው። አይቡፕሮፌን ለእናንተ ልጅ ይስማማ እንደሆነ ግን ሐኪሙ ይወስን። አስፕሪን አይሆንም።

«ጠንከር ያለ» የሚባለው ነገር ደግሞ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ይመለከተናል። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ዘረ መል በአንዳንድ ሰው ተደራርቦ ስለሚገኝ፣ ሞርፊኑ በፍጥነትና በብዛት ይመረታል። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29ኙ ይህ የተደራረበ ዘረ መል ተገኝቶባቸዋል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ነው ያለው። በሌላ አገር ቶንሲላቸው ወጥቶ ኮዴይን የተሰጣቸው ልጆች በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው ቆሞ ከሞቱ በኋላ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ኮዴይን ከቶንሲል በኋላ ለልጆች እንዳይሰጥ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ትራማዶልን ጨመረ፤ እሱም በዚያው ኢንዛይም ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከትልቅ ሰው የተረፈ ትራማዶል እየከፈሉ ለልጅ መስጠት እንደ ቀላል ነገር አይታይ።

ማስታገሻ የማይመልሰው አንድ ነገር አለ፦ ደም። በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያም ሽፋኑ በሚላቀቅበት ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ቀይ ደም ካያችሁ ትንሽ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የተኛ ልጅ ደጋግሞ የሚውጥ ከሆነም ብርሃን አብርታችሁ እዩት፤ ደሙን እየዋጠው ሊሆን ይችላል። ሌሊት የሚያደርሳችሁ መኪና ግን ከየት ይመጣል? በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ከፈረሰ ወዲህ ብዙ የፒያሳ ሰው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ድሮ ሌሊት በር አንኳኩተው ባለመኪና የሚቀሰቅሱ ሰዎች አሁን ጎረቤታቸውን ገና አልተዋወቁም። ማን መኪና እንደሚያወጣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይታወቅ።

በቅርቡ ቀጠሮ ያላችሁ፣ ከሆስፒታሉ ሳትወጡ እነዚህን ጠይቁ፦ በልጁ ኪሎ ስንት ሚሊ ልስጥ? በስንት ሰዓት ልዩነት? እስከ ስንተኛው ቀን? ሕመሙ ካልበረደ ምን ልጨምር? ቢደማ የት ልሂድ? መልሱንም በወረቀት ያስፍሩላችሁ። ሐኪሙ ቢቸኩል እንኳ አትፈሩት፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልጁ ሲነቃ የሚጠየቀው እሱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ።