5 ቁጥር

ሦስት ወር ሙሉ ወንድሜን ስዋሸው ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ገመድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ የሚኖረው ሲያትል ነው። ዓሣ ማጥመድ እንደምወድ ስለሚያውቅ ሰው ሲመጣ ስዊች ሮድ ላከልኝ። ለማታውቁት፣ 11 ጫማ ገደማ የሚረዝም የማጥመጃ ዘንግ ነው፤ በአንድ እጅም በሁለት እጅም ይወረወራል። እኔ ፈቃድ አውጥቼ ትራውት የማጠምደው ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ዌብ ወንዝ ላይ ነው። ከኋላ ዛፍ ካለ ገመዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ መወርወር አይሆንም። ስንት መንጠቆ ኮሶ ዛፍ ላይ አስቀርቻለሁ መሰላችሁ! በስዊች ሮድ ግን ገመዱን ከጎን ውኃው ላይ አሳርፎ ወደ ፊት መላክ ይቻላል።

ገመዱ ለብቻው ነው የሚገዛው። ወንድሜ "ስንት ቁጥር ይሁን?" ሲለኝ ዘንጉ ላይ 5 ስለሚል "5 ቁጥር" አልኩት፣ በቃ። ተማሪዎቼን "ያልገባችሁን ጠይቁ" የምል ሰውዬ እኔ መጠየቅ አፈርኩ።

ገመዱ መጣ። ብወረውር ብወረውር እግሬ ሥር ይከመራል። በዚህ አወራወር ከላባ የምትሠራዋ ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል፤ ዘንጉን የሚያጎብጠው የገመዱ ክብደት ነው። ካልጎበጠ ደግሞ የሚወረውር ጉልበት የለም። እኔ ግን ጥፋቱ የእጄ መሰለኝ። ወንድሜ በደወለ ቁጥር "ኧረ አሪፍ ነው፣ ትናንት ሁለት ያዝኩ" እለዋለሁ። ትርፍ ሰዓት ሠርቶ የገዛውን "አልሠራም" እንዴት ልበለው?

በኋላ ሳነብ ገባኝ። የአንድ እጅ ዘንግ 5 ቁጥር ገመድ፣ የመጀመሪያው 30 ጫማ 140 ግሬን ነው፤ 9 ግራም ገደማ ማለት ነው። 5 ቁጥር ስዊች ሮድ ግን 300 ግሬን አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቁጥሩ አንድ፣ ክብደቱ እጥፍ! ስለዚህ መጀመሪያ ግሬኑን ማየት ነው። ቀጥሎ ዓይነቱን። ከባድ ዝንብና የሚሰምጥ ጫፍ ለመወርወር አጭሩና ከባዱ ስካጊት ይሻላል። ለቀላል ዝንብ ደግሞ ረዘም ብሎ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደው ስካንዲ። ለእኔ ትንንሽ ዝንቦች ስካንዲው ይበቃኛል። ስካጊት ስሙን ያገኘው ከሲያትል በስተሰሜን ካለ ወንዝ ነው። ወንድሜ እዚያው እየኖረ አልሰማም።

ባለፈው እሁድ ደወልኩለትና "አንድም ዓሣ አልያዝኩበትም፣ ቁጥሩን ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ሳቀና "እኔስ ሁሌ ሰላም ነው የምልህ እውነት መስሎህ ነው?" አለኝ።

ያን ቀን ሁለት ሰዓት አወራን። ስለ ጀርባ ሕመሙ የሰማሁት ገና ያኔ ነው። የሌሊት ሥራውን ከተወ ወራት አልፎታል። ለካ የገመዱ ብር ቀላል አልነበረም።

አዲሱን ገመድ እኔው አጠራቅሜ እገዛለሁ። እስከዚያ ዘንጉ ግድግዳዬ ላይ ነው። ስዊች ሮድ የምትገዙ ካላችሁ ግሬኑን ሳትጠይቁ ብር እንዳትከፍሉ። እኔ አሁን ልደውልለት ነው።

መልካም ሰንበት!