የማን ውሻ ነው?

የአረካ ውሻ ሥራ አለው። ሌሊት ጅብ ከበጉ፣ ሌባ ከበሩ፣ ጃርት ከእንሰቱ ጓሮ እንዲርቅ የሚጠበቀው በእሱ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይፈታል። ክፍያው የተረፈ ምግብ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ስሙን ያውቃል፣ ከማን ግቢ እንደሚያድርም ያውቃል። ይህ እውቀት ግን የሚቆየው ሰው እስኪነክስ ድረስ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሰፈሩ ሰው በቃሉ ይወጣዋል። አረካን የከበበው ቦሎሶ ሶሬ በወላይታ ዞን ሰው ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የአንዱ ጓሮ የሌላው መተላለፊያ ነው። ጄሪካን የያዘች ልጅ በቅንጭብ አጥር ጥግ ስታልፍ፣ ውሻው አጥሩ በሳሳበት ይሾልክና ባቷን ይይዛታል። እሪታ ይቀልጣል። ጎረምሶች ድንጋይና ዱላ ይዘው ከየአቅጣጫው ይደርሳሉ፤ ውሻው ጭንቅላት ጭንቅላቱን ተቀጥቅጦ ይሞታል። ያኔ «ባለቤቱ ማነው?» ይባላል። ትናንት ሲያበላው የታየው ሰውዬ «እንዲሁ ሰፈር የሚዞር ውሻ ነው እንጂ የኛ አይደለም» ይላል። ውሻው ተቀጥቷልና ነገሩ ያለቀ ይመስላል። የልጅቱ አባት ግን ብር ሊበደር ይወጣል።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ ያ ድንጋይ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ በሽታውን በምራቁ ማስተላለፍ የሚጀምረው ከመሞቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ሰው የነከሰ ውሻ ታስሮ 10 ቀን ሙሉ ይታያል። በ10ኛው ቀን እየበላና እየጠጣ፣ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የተጀመረውም ክትባት ሊቋረጥ ይችላል። ከሞተ ደግሞ የሚመረመረው አንጎሉ ነው። ጎረምሶቹ በድንጋይ ያደቀቁት ያንኑ አንጎል ነው። ከዚህ በኋላ ለሐኪሙ የቀረው ምርጫ ውሻው እብድ እንደነበር ቆጥሮ ክትባቱን እስከ መጨረሻው መስጠት ብቻ ነው። ሰፈሩ ለልጅቷ የተበቀለላት እየመሰለው ወጪዋን አበዛባት።

በግርግሩ ሳሙናም ይረሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብን ነው። ልጅቷ ጄሪካን ይዛ ነበር፤ ውሃው እጇ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ቁስሉን በጨርቅ ማሰር፣ ወይም ወደ ባህል ሐኪም መሮጥ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የእብድ ውሻ በሽታ የሚያስተርፈው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ግምቱ ወደ 2,700 ይጠጋል። ተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ናቸው።

ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው «ፓስተር» ሲባል ሆዱን መዳሰሱ አይቀርም። አዲስ አበባ በሚገኘው፣ በዚሁ ስም በሚታወቀው ተቋም ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው የድሮው ክትባት በሆድ ዙሪያ በየቀኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ይወጋ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር መምከር የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ቆይቷል። አዲሱ በአንድ ወር ውስጥ አራት ወይም አምስት ጊዜ ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ከሌለው ወደ ሶዶ መሄድ ይመጣል። ከአረካ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየቀጠሮው ደርሶ መልስ የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ ከእርሻ ወይም ከገበያ የተስተጓጎለ የአባት ቀን አለበት።

ይህን ሁሉ ማን ይክፈል? ሕጉ መልስ ከሰጠ 60 ዓመት አልፎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው በድንገት አምልጦም ቢሆን፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይገመት ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። «ገመዱን በጥሶ ነው»፣ «ሰው ነክሶ አያውቅም» የሚሉት የተለመዱ ምክንያቶች ችሎት ፊት አያድኑም ማለት ነው። ለመጠበቅ ተረክቦ ወይም ተውሶ የያዘውም ቢሆን በእጁ እያለ ለደረሰው ይጠየቃል።

ያው ሕግ ግን ፈገግ የሚያሰኝ ቀዳዳ አለው። በአንቀጽ 2074 መሠረት የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው ለቅቆ ከኃላፊነት ነፃ መውጣት ይችላል። ነገሩ ከጥንቱ የሮማውያን ሕግ የመጣ ነው፤ ለበሬ ወይም ለበቅሎ ያስኬዳል፣ የተወጋው ሰው በሬውን ሸጦ ይታከማል። ባቷን ለተነከሰች ልጅ «በይ ውሻውን ውሰጂ» ማለት ግን ቀልድ ነው፣ በተለይ ውሻው ከሞተ። ደግነቱ ቀዳዳው ጥፋት ላለበት ባለቤት አይከፈትም። ተናካሽ መሆኑን እያወቀ በቀን የለቀቀ፣ አጥሩ መቅደዱን እያየ ያለፈ ሰው በዚህ ሊያመልጥ አይገባም። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ዘፀአት 21 ላይ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ ባለቤት የሚዳኘው በሬው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ከተዋጋበት ባለቤት ለየት ብሎ ነው። በቸልተኝነት የደረሰ የአካል ጉዳት ከካሳው ሌላ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 ሊያስጠይቅም ይችላል።

ፍትሕ ሲባል ለባለቤቱም ነው። አንቀጽ 2086 ጉዳቱ የተነከሰው ሰው ጥፋት ከሆነ የባለቤቱ ኃላፊነት እንደ ጥፋቱ መጠን እንዲቀንስ ወይም እንዲቀር ይፈቅዳል። ሌሊት አጥር ዘሎ የገባ ሰውና በመንገድ ላይ የተነከሰች ልጅ እኩል አይታዩም። የታሰረ ውሻን በድንጋይ ሲያበሳጭ የከረመ ጎረምሳም የራሱን ድርሻ ይሸከማል።

አረካ ላይ ግን ጉዳዩ ወረዳ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል፤ መድረሱም ጥሩ ነው። የወላይታ ሽማግሌ በዱቡሻ፣ በባህላዊው የሸንጎ አደባባይ፣ ተቀምጦ የመስማት ልምድ አለው፤ የውሻው ባለቤት ማን እንደሆነም ከዳኛ ይልቅ ያውቃል። እሱ ፊት «የኔ አይደለም» ማለት ይከብዳል። ድክመቱ እርቁ ብዙ ጊዜ በይቅርታና በአንድ ጊዜ ገንዘብ መዘጋቱ ነው። ገንዘቡ ለመጀመሪያው መርፌ ይበቃል፣ ለአራተኛው አይበቃም። ሽማግሌ ድምሩን ሳይቆርጥ የክትባቱን ቀጠሮ ወረቀት ቢያይና ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ቀጠሮ ትራንስፖርቱንም ሕክምናውንም እንዲችል ቢወስን ይሻላል። ውሻው በማን ግቢ፣ በምን ታስሮ፣ በማን እየታየ 10 ቀን እንደሚቆይም ያኔውኑ ቢነገር፣ ጎረምሶቹ ድንጋዩን የሚጥሉበት ምክንያት ያገኛሉ። ከ10 ቀን በኋላ ውሻው ይኑር አይኑር የሚለው የሚወሰነው በታሪኩ ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው የነከሰና ደንግጦ አንዴ የነከሰ አንድ አይደሉም።

ከተሞች ውሻ ሲበዛ የሚመዙት መፍትሔ መርዝ ነው። ጠዋት ሬሳ ይሰበሰባል፣ ከወራት በኋላ ቦታው በሌሎች ውሾች ይሞላል። በሽታውን የሚያቆመው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉን መከተብ መሆኑ በብዙ አገር ተፈትኗል። እንግሊዝ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለቤቱን የሚያሳውቅ ቺፕ ከውሻው ቆዳ ሥር እንዲቀበር አስገድዳለች። አረካ ቺፕ አያስፈልጋትም፤ ቀበሌው ውሻ ያለውን ቤት የሚመዘግብበት ደብተርና ከእንስሳት ክሊኒክ የሚሰጥ የክትባት ካርድ ይበቃል። ካርዱ ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው ነገ ውሻውን መካድ አይችልም።

እስከዚያው የተነከሰ ሰው ቤተሰብ የጎረቤቶቹን ስም፣ የጤና ጣቢያውን ወረቀትና የእያንዳንዱን መርፌ ደረሰኝ ይያዝ። ፍርድ ቤት የወጣውን ወጪና የቀረውን ገቢ ማስረጃ አይቶ ነው የሚያስከፍለው። ለድንጋጤውና ለሕሊና ጉዳቱ ግን የ1952ቱ ሕግ ከ1,000 ብር በላይ አይፈቅድም፤ ጣሪያው እስከ ዛሬ እዚያው ላይ ነው። ክሱ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ እርቁ ይሆናል ብለው ቀኑን ያሳለፉ ሰዎች ያላቸው ደረሰኝ ሁሉ ዋጋ ያጣል።