ባለቤቱ የሄደ ቡድን፣ ያላለቀ ውል

ስለኛ የፋንታሲ ሊግ በኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ዋናውን የፕሪምየር ሊግ ፋንታሲ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። 100 ሚሊዮን ይሰጥሃል፣ 15 ተጫዋች ትገዛለህ፣ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መያዝ አይቻልም። ግንቦት ላይ ያልቃል፣ ነሐሴ ላይ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። የኛ ግን ዳይነስቲ የሚባለው ዓይነት ነው። አሜሪካኖች በራሳቸው ፉትቦል ላይ የለመዱት ነው፤ ቡድንህ ከዓመት ዓመት ይቀጥላል፣ ተጫዋቾችህ ውል አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው፣ ጣሪያም አለ።

ለምን ወደዚህ ዞራችሁ ለምትሉኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት መቐለ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ የ2020/21 ሲዝን ሰባተኛ ሳምንት አልቆ ስምንተኛውን እየጠበቅን ነበር። በፋንታሲ ሕግ ቡድንህን ካልነካኸው ባለበት ይቀጥላል፤ ካፒቴን ያደረግከውም ካፒቴን ሆኖ ይከርማል። ኬንን የያዘው ጓደኛችን ያን ዓመት በ23 ጎልም በ14 አሲስትም አንደኛ የሆነ አጥቂ ነበረው። እሱ ግን ምንም አላየም፤ በዚያን ጊዜ የምናስበውም ሌላ ነበር። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ኢንተርኔት ሲመለስ አካውንታችንን ከፈትን። 2020/21 ከነነጥቡ ተጽፏል። 2021/22 የሚል መስመር ግን የለም። አንድ ሙሉ ዓመት እንዳልነበርን።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከዜሮ የሚጀምር ጨዋታ ደስ አላለንም። የሚቀጥል ነገር ፈለግን። ነሐሴ 2015 ሮማናት አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ስምንት ሆነን ጨረታ አወጣን።

ሕጋችን ይሄ ነው፦

እያንዳንዱ ቡድን በዓመት 100 ሚሊዮን የደመወዝ ጣሪያና 18 ተጫዋች አለው። በጨረታ ያሸነፍክበት ዋጋ የተጫዋቹ ደመወዝ ይሆናል። ውሉን ከ1 እስከ 3 ዓመት ታደርገዋለህ፤ በየዓመቱ 10 በመቶ ይጨምራል። ውል ሳያልቅ ካሰናበትከው የቀሪዎቹ ዓመታት ደመወዝ ግማሹ ከጣሪያህ ላይ ይቀነሳል። ተጫዋቹ ራሱ ከእንግሊዝ ከወጣ ግን ውሉ ያለ ቅጣት ይፈርሳል። ነጥቡን ከዋናው ፋንታሲ እንወስዳለን፣ አሰላለፍ በቴሌግራም ከዴድላይን በፊት ይላካል፣ ሒሳቡን እኔ በኤክሴል እይዛለሁ።

ቀላል ይመስላል አይደል? በመጀመሪያው ጨረታ አንዱ ሃላንድን በ34 ሚሊዮን ለሦስት ዓመት ወሰደ። በሁለተኛው ዓመት 37.4፣ በሦስተኛው 41.14 ሆነ። ከመቶው አርባ አንዱ በአንድ ሰው ላይ አለቀ ማለት ነው። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ኮል ፓልመር የሚባል የሲቲ ልጅ በ2 ሚሊዮን ለሦስት ዓመት አስፈረመ። ሳቅንበት። "ቤንች ላይ ለሚቀመጥ ልጅ ሦስት ዓመት?" አልነው። "ሦስት ዓመት ምን አላት" አለን። ብዙም ሳይቆይ ፓልመር ቼልሲ ገባ፣ ያን ዓመት በሊጉ 22 ጎል አገባ። ሃላንድ 27። አንዱ 34 ሚሊዮን፣ ሌላው 2። በዚህ ጨዋታ ሀብት ማለት ኮከብ መያዝ ሳይሆን በርካሽ ውል የተያዘ ኮከብ ነው። የተረፈህ ገንዘብ ነው ሌላውን ቦታ የሚሞላልህ።

የሀገራችንም ሊግ ይሄንኑ ጥያቄ ሲታገል ነው የኖረው። መቐለ 70 እንደርታ ዋንጫ በበላበት በ2011 ክረምት ላይ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጣሪያው በሰው ላይ ነበር። በሰው ላይ ሲሆን ኮከቡም ደህናው ልጅም እዚያው 50 ሺህ ጋ ይገናኛሉ፤ ኮከቡን የፈለገ ክለብ ልዩነቱን በሌላ በር ለመክፈል ይፈተናል። ኋላ ላይ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ገደቡን ወደ ክለቡ ጠቅላላ ወጪ አመጣው። የአሜሪካ ፉትቦልም ከ1994 ጀምሮ የሚሠራው በቡድን ጣሪያ ነው። እኛም ያንን ነው የመረጥነው፦ ለአንዱ የፈለግከውን ክፈል፣ ከሌላው ግን ትቀንሳለህ።

ውል ግን ከሒሳብ በላይ ነው። ውል ማለት ሁለቱም ወገን ነገ እዚህ አለ ብሎ ማመን ነው። ጦርነቱ ሲመጣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከሊጉ ወጡ፣ ተጫዋቾቹም ተበተኑ። በ2017 ወደ ፕሪምየር ሊጉ ሲመለሱ እንደ አዲስ ነው ቡድን የተሠራው። የሦስት ዓመት ውል እዚህ ከተማ ውስጥ ቀላል ቃል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፓልመርን ያስፈረመው ጓደኛችን ዘንድሮ መጋቢት ላይ ሳይነግረን ሄደ። እንደ ብዙዎቹ፣ በምታውቁት መንገድ። ከመንገድ ላይ አንድ መልእክት ላከልን፦ "ቡድኔን እንዳትሸጡብኝ።" ከግንቦት ወዲህ ስልኩ አይሠራም።

አሜሪካኖቹ እንዲህ ዓይነቱን ቡድን ወላጅ አልባ ይሉታል፤ ሕግም አላቸው፣ ለአዲስ ሰው ይሰጣል። ባለፈው ሳምንት ሰባት ሆነን ተቀመጥን። አንዱ "ተጫዋቾቹ ወደ ጨረታ ይመለሱ" አለ። እውነቱን እንነጋገር፣ የሁላችንም ዓይን በ2.42 ሚሊዮን ያለው ፓልመር ላይ ነበር። ሌላው "ቡድኑ ይቁም፣ ነጥቡም አይቆጠር" አለ። ይሄ ደግ ሐሳብ ይመስላል። ግን መስመሩ ባዶ የሆነ ዓመት ምን እንደሚመስል አይተናል።

የወሰንነው ይሄ ነው። ውሎቹ እስከሚያልቁበት ቀን ቡድኑ የሱ ነው። አሰላለፉን የ17 ዓመት ታናሽ ወንድሙ ይልካል። በጨረታ ተጫዋች መጨመር ይችላል፤ ወንድሙ ያስፈረማቸውን መሸጥ ግን አይችልም። ልጁን ስንነግረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ የቡድኑ ስም እንዳይቀየር። አልቀየርነውም።

የሃላንዱ ጓደኛችን አኩርፎ ነበር። "በዚህ ሕግ እኮ ዋንጫውን ሰጣችሁት" አለ። ሊሆን ይችላል። ይውሰደው።

ነሐሴ 9 ሊጉ ይጀመራል። የፓልመር ውል የሚያልቀው ግንቦት 2018 ነው። ያኔ ማደስ ወይም መልቀቅ የባለቤቱ ፊርማ ይፈልጋል፤ ይሄንን አንቀጽ ሆን ብለን ክፍት ተውነው። ዘጠኝ ወር አለን። እሱም አለው።

እናንተስ ሊግ ላይ ባለቤቱ የሄደ ቡድን ሲኖር ምን ታደርጋላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ኤክሴሉን የምትፈልጉ ኢንቦክስ ኑ፣ እልካለሁ።