ከአጥሩ በፊት ቋሚውን እንጠይቅ

ሱቅ ዐረቢ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በፈነዳው ጦርነት ከተዘረፉትና ከተቃጠሉት የሱዳን ዋና ከተማ የካርቱም ገበያዎች አንዱ ነው። ከተማዋ በመጋቢት 2025 ወደ ሱዳን ጦር ሠራዊት እጅ ከተመለሰች ወዲህ፣ ያን ዘረፋ አይቶ የቤቱን ግቢ እንደገና ለማጠር የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄ የቆርቆሮው ዋጋ ሳይሆን የቋሚው አተካከል መሆን አለበት እላለሁ። በብዙ ሰፈር ያለው ሸክላማ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ያብጣል፤ ጥልቀት የሌለውን ቋሚ ያዘማል። እንጨት ከሆነም ምስጥ ይበላዋል። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ከሆነ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ድፍን ቆርቆሮም ያን ሁሉ ይሸከማል።

«በዚህ ጊዜ ከዓይንና ከሌባ የሚከልል ድፍን አጥር ያስፈልጋል» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው። ሆኖም የወደቀ ድፍን አጥር ማንንም አይከልልም። ለግቢው የአትክልት ቦታ ነፋስ የሚያሳልፍ የሽቦ መረብ፣ ለመንገዱ ወገን በኮንክሪት የጸና ግንብ ይበቃል። «ርካሹን ሠራተኛ እንያዝ» ለሚሉም መልሴ አጭር ነው፤ ድጋሚ የሚሠራ አጥር ርካሽ አይደለም። ስለዚህ በያጅም ሆነ ግንበኛ ከመያዛችሁ በፊት ክረምት ያለፈበትን ሥራውን በዓይናችሁ እዩ፤ የጉድጓዱን ጥልቀት ጠይቁ፤ ሙሉ ክፍያም አስቀድማችሁ አትስጡ።